ጨርቅ እንጂ ቆርቆሮ አይደለም

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረቱ ሲጀምር፣
አንድ ሮቶ ውሃ፣ አንድ ጎማ፣ ሁለት ባልዲ፤
ይኼ ነው ላቫጆአችን።
አይሱዙ ይመጣል ጭቃውን ተሸክሞ፣
ሲኖትራክ ይመጣል አሸዋ እያሳለ፣
ባጃጅ ይመጣል ዋጋ ሊከራከር።

በሰኔ መግቢያ ግን፣ ሰርግ አልቆ ሰማይ ሲያኮርፍ፣
የጋሽ ተካልኝ ቮልስ መጣች፤
ቀይ፣ ጣሪያዋ ጥቁር ሸራ፣
የሰው ሙሽራ ስታዞር የከረመች።

እኔ ምን አውቃለሁ?
ጎማውን አነሳሁ፣ ግፊቱን ለቀቅሁት፣
ኦሞ በተንሁ፣ በረኪና ፈለግሁ።
ሰውየው ዘለሉ፤ ከዘራቸው ወደቀ።
«አንተ ልጅ! ጨርቅ እኮ ነው፣ ቆርቆሮ መሰለህ?
በረኪና ለነጠላ እንጂ ለጥቁር ምን ሊሠራ?
ክሩን ይበላዋል።
ግፊት ያለው ውሃ ደግሞ እንደ ክፉ ምላስ ነው፣
አንተ ያላየኸውን ቀዳዳ ያገኛል።»

ኮታቸውን አወለቁ።
መጀመሪያ በደረቁ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣
ከፊት ወደ ኋላ፣ ሽመናው በሄደበት።
«አትቃወመው፤ ክር እልኸኛ ነው።»
አቧራው ተነሳ፤ ከአቧራው ጋር ወጣ
የደረቀ የጽጌረዳ ቅጠል፣ የርችት ወረቀት፣
የኬክ ክሬም ቅርፊት፣
የአንዲት ሚዜ የተሰበረ ጥፍር፣ ከነቀለሙ።
«ይኼ የጥር ነው» ይላሉ፤ «ይኼ የልደታ ማግስት፤
ይኼ…
ይኼ ያልተከፈለኝ።»

የወፍ ኩስ ነበረ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያደረች ለታ የወረደባት።
በጥፍሬ ልፍቀው ስል እጄን ቀስ አድርገው መቱኝ።
«እርጥብ ጨርቅ ጣልበት። ይጠጣ። ይለዝብ።»

ለብ ያለ ውሃ፣ የማይናከስ ሳሙና፣
ስፌቱን በጥርስ ብሩሽ፣
የኋላዋን የላስቲክ መስኮት በመዳፍ ብቻ።
ከዚያ ማለቅለቅ፤ ሦስት ባልዲ፣ አራት፣ አምስት፣
ጀሪካን ውሃ በሰልፍ በሚገዛበት ሰፈር!
«ሳሙና ያላስለቀቁት ጨርቅ ቂም እንዳረገዘ ሰው ነው፤
ዝናብ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል።»

«አሁንስ ልጠፈው?»
«እርጥቡን? ሻጋታ ልታረባ?»
ጥላ ሥር ገፋናት። ጠበቅን።
ዝም ብሎ መጠበቅ ከሥራ ሲቆጠር
ያን ቀን አየሁ።

ከሰዓት ስሙ የተፋቀ ጣሳ አወጡ፤
በሰፊ ብሩሽ ስስ አድርገን ቀባነው፣
አንዴ በቁመት፣ ሲደርቅ ደግሞ በአግድም።
ጣታቸውን ውሃ ነክረው አንዲት ጠብታ ጣሉበት።
ጠብታዋ ቆመች፤ ክብ ሆነች፤
እንደ ተበጠሰ ጨሌ ተንከባለለች።
ጋሽ ተካልኝ ሳቁ፣ ጥርስ በሌለው በኩል።

የሰኔ ዝናብ አያማክርም።
ሁለታችንም ውስጥ ገባን።
ሸራ እንደ ቆርቆሮ አይጮህም፤ ሲመቱት ያጉረመርማል፣
አፉን እንደ ዘጋ ሰው።
«ከፍተውት ነድተው ያውቃሉ?»
«ለሙሽራ።»
«ለራስዎስ?»
መስኮቱን ጠረጉት፣
ጉም ያልያዘውን መስኮት።

አንዲት ጠብታ በስፌቱ ሾልካ
ግራ ትከሻቸው ላይ አረፈች።
ደነገጥሁ፤ በዚያ በኩል የቀባሁት እኔ ነበርሁ።
እሳቸው ትከሻቸውን ትንሽ ፈቀቅ አድርገው
«ይቺን አውቃታለሁ» አሉ።

ሲያባራ ሒሳብ ከፈሉ።
ጣሳውን አየሁት፤ ሳየው አዩኝ።
ምንም አልተባባልንም።
ድንጋዩ ላይ ትተውት ሄዱ።

እናቴ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ጉሊት አላት፤
በአራት እንጨት የተወጠረ ሸራ፣
ድሮ የእርዳታ ስንዴ ሸፍኖ የመጣ፣
ጽሑፉ ግማሹ የሚነበብ።
በደረቁ ጠረግሁት፣ ሽመናው በሄደበት።
አጠብሁት። ጠበቅሁት።
«ለሸራ ነው እንዲህ?» አለች፤
«የኔን ጀርባ እንኳ እንዲህ አሽተህ አታውቅ።»
ቀባሁት፤ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ፤
ግማሹን ሳልጨርስ ጣሳው ደረቀ።

አሁን ሲዘንብ
ሽንኩርቱ ደረቅ ነው፣
ድንቹ ይረጥባል፤
እናቴ በርጩማዋን
ወደ ሽንኩርቱ አስጠግታለች።